ሣጥኗ አንዴ ነው የምትጠይቀው

መለከት ተነፋ። ቀጥሎ ከኮሪደሩ ጣሪያ ድምፅ መጣ።

«የሕንፃ አሥራ አራት ክቡራንና ክቡራት ነዋሪዎች፤ ዛሬ ምሳ ሽሮ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።»

ሁለት ሺህ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ከገባ ወዲህ ለሽሮም፣ ለምስርም፣ ውሃ ለሚጠፋበት ቀንም የሚነፋው ያው አንድ መለከት ነው። ነዋሪው የመጣውን ስለማያውቅ ሰሃንም ባልዲም አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ኤልዳና ብርቱካናማ ሰደርያዋን ቆልፋ፣ ሣጥኗን አስቀድማ ሊፍት ገባች። ሣጥኗ ቁመቷ እስከ ወገብ ነው፤ በአራት ጎማ ትሄዳለች፤ ሆዷ ውስጥ ሃያ ትኩስ ምሳ አለ፤ ድምጿ የዜና አንባቢ ድምፅ ነው። እንደ ኤልዳና ያለ የበጎ ፈቃደኛ ሥራ ሣጥኗን መከተል ነው። በመመሪያው መሠረት ፈቃደኛ ተመጋቢው ደጃፍ ላይ ሦስት ነገር መናገር ይችላል፤ «እንደምን ዋሉ»፣ «ምሳዎ ደርሷል» እና «ደህና ይዋሉ»። ከዚያ የተረፈው ሁሉ ማስገደድ ይባላል። «ዛሬ ይበርዳል» ማለትስ ማስገደድ ነው ወይ ብላ ኤልዳና በጽሑፍ ጠይቃ ነበር። እየተጠና ነው ተባለች። ይኸው ሁለት ዓመቱ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ፣ ሰው በፈለገው ፎቅ በሚወርድበት ዘመን፣ የሕንፃው እድር ሴቶች ከቤት መውጣት ላቃታቸው አዛውንት በየተራ ድስት በጨርቅ ጠቅልለው በደረጃ ይወጡ ነበር። አንዱን ሰው አብልቶ ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በኋላ አጥኚዎች ሰዓት ይዘው መጡና ከሃያው ደቂቃ አሥራ ሰባቱ በልመና እንደሚያልፍ ደረሱበት። ይህም ብክነት ተብሎ ተጻፈ። ደረጃው ለደህንነት ሲባል ተዘጋ፤ አንዴ ብቻ የምትጠይቅ ሣጥንም ተሠራች። ተመጋቢው አንዴ የመለሰው ቃሉ ነው፤ ቃሉም ይከበራል።

አጥኚዎቹ ማን ቤት እንዳደጉ እንጃ። ጨዋ ሰው ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ በልቻለሁ ይላል። ከጠዋት ጀምሮ የቀመሰው ነገር ባይኖርም ይላል። ሁለተኛ ሲጠየቅ በእውነት ጠግቤአለሁ ይላል። ሦስተኛ በሞቴ ሲባል፣ እንግዲህ ካላችሁ ብሎ እጁን ይታጠባል። ይህን ያስተማረ ትምህርት ቤት የለም፤ የማያውቀውም ሰው የለም። ሣጥኗ ግን መጀመሪያው ላይ ዞራ ትሄዳለች።

ሰባት ቀን በተከታታይ በልቻለሁ ያለ ሰው «ራሱን የቻለ» ይባላል። ይመረቃል። ሰርተፊኬት ይሰጠዋል፣ ስሙ ከምሳ መዝገብ ይሰረዛል፣ ሣጥኗም ከዚያ ወዲያ በሩን እንደ ግድግዳ እያየች ታልፈዋለች። ሕንፃ አሥራ አራት እስካሁን አሥራ አንድ ሰው አስመርቋል፤ ከከተማው አንደኛ ነው። ከአሥራ አንዱ አራቱ በተመረቁ በሁለት ወር ውስጥ አርፈዋል። በሪፖርቱ ላይ ግን አሁንም ራሳቸውን እንደቻሉ ናቸው።

አራተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ መላ አግኝተዋል። ሣጥኗ ስትጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው «አዎ» ይላሉ፤ የሚያሳፍር በሽታ ለሐኪም እንደሚናገር ሰው። ሣጥኗ ከኮሪደሩ እስክትጠፋ ድረስም ምሳቸውን አይነኩትም።

ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የኤልዳና ጫማ ማሰሪያ ተፈታ። በየቀኑ የሚፈታው እዚያ ነው። የፈቃደኛ ማሰሪያ ሲፈታ ሣጥኗ አርባ ሰከንድ እንድትጠብቅ መመሪያው ያዛል፤ መውደቅ አደጋ ነውና። ኤልዳና በርከክ ብላ ከኪሷ በወረቀት በስሱ የተጠቀለለ ቆሎ አወጣችና በእትዬ ሶስና በር ሥር ገፋችው።

«ምነው ልጄ፣ ተቸገርሽ» አሉ እትዬ ሶስና ከበሩ ጀርባ። «በልቻለሁኮ።»

ጥቅሉ ከውስጥ ተሳበ።

እትዬ ሶስና የሕንፃው የመጀመሪያ ምሩቅ ናቸው። የምሳ አገልግሎቱ ኃላፊ ባሮክ ደግሞ አንድያ ልጃቸው ነው። በየስብሰባው እናቱን ምሳሌ ያደርጋል። እሳቸውም የቆሎው ነገር እንዳይወራ ኤልዳናን አስምለዋታል። ልጃቸው ሹመቱን ያገኘው በሳቸው ምርቃት ነው፤ ልጅን ማሳፈር ደግሞ ከረሃብ ይብሳል።

«አርባ ሰከንድ ሞልቷል» አለች ሣጥኗ።

አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ሮቤል በራቸውን ከፍተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆመው ነበር የጠበቁት። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በጉብዝናቸው ሃያ ዓመት ሙሉ የሚኒባስ ወያላ ነበሩ፤ ሚኒባስ የሚባል ነገር ከአገር እስኪጠፋ። ከቤት ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጉልበታቸው ስለከዳቸው ብቻ አይደለም፤ ሊፍቱ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆነን ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አያወርድም። ሐኪሙ ያለው ምድር ቤት ነው።

«አቶ ሮቤል፣ ምሳ ይፈልጋሉ?» አለች ሣጥኗ።

«በልቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ዓይናቸውን ኤልዳና ላይ ጣሉ። ጠበቁ።

ኤልዳና ማለት የሚገባትን ታውቃለች፤ ማለት የሚፈቀድላትንም ታውቃለች። «ደህና ይዋሉ» አለች፤ ቃሉን የቻለችውን ያህል በሞቴ አስመስላ።

«ተመዝግቧል። አምስተኛ ቀን» አለች ሣጥኗ።

ያን ጊዜ ነው ቀበቶአቸውን ያየችው። ከትናንቱ ቀዳዳ አጠገብ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ ነበረው። ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ እንደ ከረጢት አፍ ተሰብስቧል። የኤልዳና የሌላኛው እግር ማሰሪያ ተፈታ።

«ጋሼ» አለች በርከክ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አዎ ቢሉ ምን አለበት? አንድ ቃል ናት።»

«አንድ ቃል ስለሆነች ነዋ የማልላት።» ጋሽ ሮቤል መቃኑን ተደገፉ። «ሃያ ዓመት ሰው ስጭን ኖሬአለሁ። አንዴ ተጠርቶ የገባ መንገደኛ አይቼ አላውቅም። ሞልቷል ይልሻል፣ በእግሬ እሄዳለሁ ይልሻል። እኔ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ፣ ቦታ አለ እላለሁ። ቦታ የለም። እሱም ያውቃል። ግን ተለመነ፤ ገባ። ሲያቀርቡለት ዝም ብሎ የሚበላ ከብት ነው ልጄ። እኔ ሳልለመን አልበላም።»

«ይሞታሉኮ።»

«ተለምኜ እንቢ ብዬ ብሞት ጥጋብ ነው። ሳልለመን እየበላሁ ብኖርስ ምን ይባላል?»

«አርባ ሰከንድ ሞልቷል» አለች ሣጥኗ።

ከሰዓት በኋላ ኤልዳና ምድር ቤት ባሮክ ቢሮ ገባች። በስብሰባ ላይ አቶ ባሮክ ትለዋለች፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን በዳይፐር የምታውቀውን ልጅ አቶ ለማለት ምላሷ አይታዘዝላትም። የቀበቶውን ነገር ነገረችው። ሁለት ቀን ብቻ እንደቀረ፣ ጋሽ ሮቤል ቤት የሚቀመስ ነገር እንደሌለ፣ የሚፈልጉትም ሰው እንዲለምናቸው ብቻ እንደሆነ ነገረችው።

ባሮክ ክፉ ሰው አይደለም። ሰምቶ ጨረሰና ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ሰውን ማመን ትልቁ ክብር እንደሆነ አስረዳት። አንድ አዋቂ ሰው በልቻለሁ ካለ በኋላ ብላ ብሎ መጨቃጨቅ ውሸታም ነህ ማለት እንደሆነም አስረዳት። ሰንጠረዥ አሳያት፤ በሕንፃው የቀረበ ቅሬታ ዜሮ ነበር።

«እኔ ራሴኮ ምስክር ነኝ እትዬ ኤልዳና። እናቴ ምሩቅ ናት። በየቀኑ እደውልላታለሁ። በላሽ ወይ እማዬ እላታለሁ፤ በልቻለሁ ልጄ ትለኛለች።»

«ስንቴ ትጠይቃታለህ?»

«እንዴት ስንቴ?» አለ ባሮክ። ጥያቄው በእውነት አልገባውም። «አንዴ ነዋ።»

ኤልዳና መሐላዋን አስታውሳ አፏን ዘጋች። ባሮክም ለማጽናናት ያህል የምሥራች ነገራት። ከነገ ወዲያ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። መምጣት የሚችሉ ምሩቃን ሁሉ በሐኪም ፈቃድ ወደ አዳራሹ ይወርዳሉ፤ ጋሽ ሮቤልም ሰባተኛውን ቀን እዚያው በሕዝብ ፊት ይሞላሉ። አሥራ ሁለተኛው ምሩቅ ይሆናሉ። ባሮክ ይህን ሲናገር ፊቱ የልደት ኬክ እንደቀረበለት ልጅ ነበር።

በማግስቱ መለከቱ ምስር መሆኑን አወጀ። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ማሰሪያ ተፈታ፣ ጥቅል ተሳበ። አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ሮቤል ኮት ለብሰው ቆመዋል፤ ቀበቶአቸው ሌላ ቀዳዳ ጨምሯል። ሣጥኗ ጠየቀች። በልቻለሁ አሉ። ኤልዳናን አዩ።

«በሞቴ» አለች ኤልዳና።

ያ ቃል በዚያ ኮሪደር ከተሰማ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ሣጥኗ ቀይ መብራት አበራች።

«ማስገደድ፣ አንደኛ።»

የጋሽ ሮቤል ፊት በራ። የሚያውቁት ጨዋታ እንደተጀመረላቸው ሁሉ እጃቸውን አወናጨፉ። «ኧረ በእውነት ጠግቤአለሁ፤ ምን ቦታ አለኝ ብለሽ።»

«አፈር ስሆን ጋሼ። አንድ ጉርሻ።»

«ማስገደድ፣ ሁለተኛ። ስድስተኛ ቀን ተመዝግቧል» አለችና ሣጥኗ ከነምስሯ ወደ ሊፍቱ ዞረች። ኤልዳና ሮጣ ፊቷ ቆመች። ሣጥኗ በትሕትና ዞራት አለፈች። ኤልዳና ክዳኑን ታገለችው፤ ክዳኑ የሚከፈተው አዎ ላለ ሰው ብቻ ነው። ወደ ኋላ ስትመለከት ጋሽ ሮቤል አፋቸውን ከፈት አድርገው በራቸው ላይ ቆመዋል፤ የመጨረሻው ታክሲ እንዳመለጠው ሰው።

ሊፍቱ ውስጥ ሰደርያዋ በራሱ ጊዜ ተፈታና ከትከሻዋ ወረደ። ሰደርያው ይህን መሥራት እንደሚችል አታውቅም ነበር።

ምድር ቤት ስትደርስ ባሮክ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። አዝኗል፤ የእውነቱን ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሊፍት ካርዷ ከራሷ ሦስተኛ ፎቅና ከምድር ቤት በስተቀር የትም እንደማያወርዳት በለሆሳስ ነገራት። ኤልዳና ስለ ራሷ አልተከራከረችም። ያሰበችው ከነገ ጀምሮ ዘጠነኛ ፎቅ በር ሥር ስለማይደርሰው ቆሎ ነበር።

ቤቷ ገብታ ጥቂት እንደተቀመጠች የግድግዳው ኢንተርኮም ጮኸ። ነዋሪ ከነዋሪ በቀን አንድ ደቂቃ መነጋገር ይፈቀድለታል። ብዙው ሰው ደቂቃዋን ደህና ነህ ወይ እየተባባለ ይጨርሳታል። ጋሽ ሮቤል ግን ሰላምታም አልሰጧት።

«አንቺ ልጅ፣ ሁለት ላይ ነው የተውሽኝ።»

«ጋሼ፣ ሰደርያዬን ወሰዱት።»

«በሰደርያ ነው እንዴ የሚለመነው?»

መስመሩ ተቋረጠ፤ ደቂቃው ግን ገና አልሞላም ነበር።  ኤልዳና ከኪሷ መመሪያውን አወጣች። አራት ዓመት በኪሷ ይዛው ስትዞር አንድም ቀን ከዳር እስከ ዳር አንብባው አታውቅም። አሁን አነበበችው። ፈቃደኛ እንዳይለምን ይላል። ፈቃደኛ ከሦስት ቃል በላይ እንዳይናገር ይላል። ገጽ በገጽ ፈቃደኛ፣ ፈቃደኛ ይላል። ጨርሳ አጠፈችው፤ አንድ እግሩ ያጠረውን ምድጃ ደግፋ የምታቆምበት ወረቀት ፈልጋ ነበርና እሱን አደረገችው።

በሰባተኛው ቀን መለከቱ ሦስት ጊዜ ተነፋ። ምሳ ምን እንደሆነ አልተነገረም፤ ምሩቃንን ምሳ አይመለከታቸውምና። ኤልዳና ፍርፍር ሠርታ፣ በሰሃን አድርጋ በሌላ ሰሃን ከድና፣ አዳራሹ በር ደረሰች። ጥበቃው አስቆማት።

«ፈቃደኛ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«ፈቃደኛ አይደለሁም። ትናንት ተሽሬአለሁ።»

ጥበቃው የክልከላውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየ። ፈቃደኛ የሚል አለ፤ ተመጋቢ የሚል አለ፤ ሻጭ የሚልም አለ። ጎረቤት የሚል ግን የለም። ደግሞ አየና ቆሞ እንድትጠብቅ ነገራት፤ አለቃውን ሊጠይቅ።

እዚያ ቆማ ሳለ ባሮክ እንግዶቹን ሲቀበል አየችው። ከፕሮግራሙ በኋላ በጎን ክፍል ምሳ እንደተሰናዳላቸው ነገራቸው። እንግዶቹ፣ አይ፣ በልተን ነው የመጣነው፣ አትቸገሩ አሉ። ባሮክ በእናታችሁ አላቸው። ኧረ በእውነት አሉ። ኧረ አይሆንም፣ በሞቴ ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። እንግዲህ ካልክ አሉ። አራቱም እንግዶች በደስታ እሺ ብለው ወደ አዳራሹ ገቡ። ማንም ምንም የተናገረ አልመሰለውም። ጥበቃውም አይቶ ነበር። አለቃውን ሳይጠይቅ ተመለሰና በሩን ከፈተላት።

ከፊት ረድፍ ስምንት ወንበር ተደርድሯል፤ ሰባቱ ላይ ምሩቃን፣ ስምንተኛው ላይ ጋሽ ሮቤል። በአንድ ሕንፃ እየኖሩ ከተያዩ ዓመታት ሆኗቸው ነበር። አንዱ አንዱን እንዴት እንዳማረበት ያሞግሳል፤ ዓይኑ ግን የባልንጀራውን አንገትና የእጅ አጥንት ይቆጥራል። ከእንግዶቹ አንዱ ተነሥቶ ስለ ራስን መቻል ረጅም ንግግር አደረገ። አገር የሚያድገው እምቢ ማለት በሚችል ዜጋ እንደሆነ ተናገረ። ተጨበጨበ።

ቀጥሎ ለእንግዶቹ ማሳያ እንዲሆን ሣጥኗ በረድፉ ፊት ማለፍ ጀመረች። ምሳ ይፈልጋሉ? በልቻለሁ። ጭብጨባ። ምሳ ይፈልጋሉ? በልቻለሁ። ጭብጨባ። እትዬ ሶስና ዘንድ ስትደርስ፣ በልቻለሁ፣ እግዜር ያክብርልኝ አሉ፤ ጭብጨባው ረዘመ። ባሮክ በማይኩ «እናቴ ናት» አለ። 

ሣጥኗ ጋሽ ሮቤል ፊት ቆመች። «አቶ ሮቤል፣ ምሳ ይፈልጋሉ?»

ጋሽ ሮቤል ዓይናቸውን ከሣጥኗ አዞሩ። በሩን ያዩ ነበር።

ኤልዳና ወለሉን አቋርጣ መጣችና በሣጥኗና በሳቸው መካከል ተንበረከከች። የሰሃኑን ክዳን አነሣች። የቁሌትና የቅቤ ሽታ ረድፉን ተከትሎ ሄደ፤ ስምንቱም ቀና አሉ።

«በሞቴ» አለች።

ሣጥኗ ቀይ መብራቷን አበራች፤ በማን ስም እንደምትመዘግብ አጥታ መልሳ አጠፋችው።

«በልቻለሁ» አሉ ጋሽ ሮቤል። የትናንቱን ሁለቱን አላሰቡላትም፤ ሥርዓቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት።

«ሰባተኛ ቀን ተመዝግቧል። እንኳን ደስ አለዎት» አለች ሣጥኗ። እንግዶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ።

«አፈር ስሆን ጋሼ።»

«ኧረ ተይኝ ልጄ። ሞልቷል አልኩሽ፤ ቦታ የለም።»

አዳራሹ በሙሉ ያጨበጭብ ነበር። ኤልዳና ጠቅልላ ጉርሻውን ከአፋቸው ሥር አደረሰችው። 

«አንድ ሰው ብቻ» አለች። «ቦታ አለ።»

ጋሽ ሮቤል አዩዋት። ጉንጫቸው ሲሳብ፣ ትከሻቸው ሲነቃነቅ ታየ፤ እየሳቁ ነበር።

«እንግዲህ ካልሽ» አሉና ጎረሱ።

ጭብጨባው በአንዴ አልቆመም። የፊቶቹ ቀድመው ተዉ፤ የኋላዎቹ ቀጥለው ተዉ፤ ያላየ አንድ ሰውዬ ብቻውን ጥቂት አጨበጨበ። እሱም ሲያቆም በአዳራሹ የሚሰማው አንድ ሽማግሌ ሲያላምጥ ብቻ ሆነ።

እትዬ ሶስና አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ነበሩ። ሰርተፊኬታቸውን ከቤታቸው ግድግዳ አውርደው አምጥተው ጭናቸው ላይ አድርገውታል። ማንም አልለመናቸውም። ኤልዳና ገና ወደሳቸው አልዞረችም ነበር። በሰባ ስምንት ዓመት ዕድሜ በሰው ፊት ሳይለመን ተዘርግቶ የማያውቅ እጅ በሰርተፊኬቱ ላይ አለፈና ሰሃኑ ውስጥ ገባ። ጠቀለሉ፤ ጎረሱ። አልቸኮሉም። ደግመው ዘረጉ።

«እማዬ» አለ ባሮክ። ማይኩን ከአፉ ስላላራቀው አዳራሹ በሙሉ ሰማው።

እትዬ ሶስና ቀና አላሉም።

«ጨው አንሶታል» አሉ፤ ሰሃኑንም ወደ ራሳቸው ሳቡት።